ክረምትና ብቸኛ መንገደኛ

በአማርኛ ቋንቋ «ክረምት» የሚለው ስምና «ከረመ» የሚለው ግሥ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ከረመ ማለት በመሠረቱ የዝናሙን ወራት በአንድ ስፍራ ሆኖ አሳለፈ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይተያዩ የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት ከረምህ?»፣ «እንዴት ከረምሽ?» ተባብለው የሚጠያየቁትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ ዘመድ ከዘመድ ሳይጠያየቅ ወራት ያልፉ በነበረበት ዘመን ሰው ሁሉ በያለበት ይከርም ነበርና፣ ትዝታው በሰላምታው ውስጥ ተቀርጾ ቀረ። የጥንት ነገሥታትም ሠራዊታቸውን አስከትለው የሚዘምቱት በበጋ ነበር። ክረምት ሲገባ ለመክረሚያ በመረጡት ስፍራ ሰፍረው ወንዙ እስኪጎድል ይጠባበቁ ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጁባ የሚሄድ ሰው፣ በሐምሌም ይሁን በነሐሴ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢሳፈር ሁለት ሰዓት ያህል በርሮ ይደርሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መሥመር ነጋዴው ለንግዱ፣ ግንበኛው ለሥራው፣ ወጣቱ ዕድሉን ለመሞከር ይመላለሳል። ብዙዎቹም የሚጓዙት ጓደኛ ሳያስከትሉ ብቻቸውን ነው። በመሆኑም አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ሰው በክረምት ብቻውን ወደ ውጭ አገር፣ በተለይም ወደ ጁባ፣ ለመሄድ ማሰቡ ብልኅነት ነው ወይስ ችኮላ የሚለው ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው በዕድሜ ከገፉ ሰዎች ዘንድ የሚሰማው ነው። እነርሱም «ክረምት የመንገድ ጊዜ አይደለም፤ መስቀል ይጥባና ይሄዳል» ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ ከወጣቶች አፍ የሚወጣው ነው። እነርሱም «አውሮፕላን ወንዝ አይሻገር፣ ጭቃ አይረግጥ፤ ቲኬት ከተቆረጠ ክረምትና በጋ ምን ልዩነት አላቸው?» ይላሉ። ሁለቱም አስተያየቶች የየራሳቸው እውነት አላቸው። ሆኖም ሁለቱም በአንድ ነገር ይሳሳታሉ። የፊተኛው ፍርሃትን እንደ ጥንቃቄ፣ የኋለኛውም ቲኬትን እንደ ዝግጅት ይቈጥራል።

በቅድሚያ «መስቀል ይጥባ» የሚለውን ምክር መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ምክር የተወለደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። በደጋው ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና አደይ አበባ ሲፈካ ሰማዩ ይጠራል። ጁባ ግን የምትገኘው በሌላ ምድር ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ጁባ ግን በነጭ ዓባይ ዳር 550 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሞቃት ቆላ ውስጥ ናት። በዚያ ዝናሙ የሚጀምረው በሚያዝያ አካባቢ ሲሆን እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። እንግዲህ በሚያዝያ «ገና በጋ ነው» ብሎ የሚነሣም፣ በመስቀል ማግስት «ክረምቱ አለፈ» ብሎ የሚነሣም ሁለቱም ዝናም ውስጥ ይገባሉ። የአገር ቤት የቀን መቍጠሪያ የሰው አገር ሰማይን አያዝዝም።

ከዚህም በላይ፣ በደቡብ ሱዳን ጐርፍ የሚመጣው በስፍራው ከሚወርደው ዝናም ብቻ አይደለም። በጁባ በኩል የሚያልፈው ወንዝ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነሥቶ በዩጋንዳ በኩል የሚመጣ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ባሮ በጋምቤላ አልፎ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በማላካል አቅራቢያ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በኢሉባቦር ተራሮች ላይ የወረደ ዝናም ከቀናት በኋላ በሩቅ ሜዳ ላይ ውኃ ሆኖ ይተኛል። በ2012 ዓ.ም. የቪክቶሪያ ሐይቅ ከልክ በላይ ሞልቶ በነበረበት ወቅትና በተከታዮቹ ዓመታት ብዙ የደቡብ ሱዳን ክፍል በጐርፍ ተጥለቅልቋል። በ2014 ዓ.ም. ቤንቲዩ የምትባለው ከተማ ዙሪያዋን በውኃ ተከባ፣ ነዋሪዎቿ በአፈር ግድብ እየተከላከሉ ለመኖር ተገድደው ነበር። ጐርፉም በብዙ ስፍራ ዝናሙ ካባራ በኋላ እንኳ ለወራት ሳይጎድል ይቆያል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በጉዞ ላይ ያለ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይቶ ስለ መንገዱ መፍረድ አይችልም፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት።

«ክረምት መንገድ ይዘጋል» የሚለውም አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የጋምቤላ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ይሆናል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቍሞ ለበርካታ ዓሠርት ዓመታት የኢትዮጵያ ቡና በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን የሚወርድበት በር ሆነ። መርከቦቹ ግን ጋምቤላ ድረስ ሊመጡ የሚችሉት ባሮ በሞላበት ወቅት፣ ማለትም በክረምቱና በክረምቱ መውጫ ብቻ ነበር። በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል መርከብ አይደርስም። ስለዚህ በአንዱ ስፍራ ለሲራራ ነጋዴው መንገድ የዘጋው ዝናም በሌላው ስፍራ ለመርከበኛው መንገድ ይከፍት ነበር። የጋምቤላ ነጋዴዎች ዝናሙን አልረገሙም፤ ወቅቱን አጥንተው ቡናቸውን በጊዜው አዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር እንጂ።

በሌላ በኩል «ቲኬት ከተቆረጠ ዝግጅቱ አለቀ» የሚለው የወጣቶች አስተሳሰብ ከዚህ የባሰ ጕዳት ያስከትላል። አውሮፕላን በእርግጥ ከደመና በላይ ይበርራል፤ ነገር ግን የሚያርፈው ዝናሙ ውስጥ ነው። በጁባ ብዙዎቹ የሰፈር መንገዶች አስፋልት የሌላቸው የአፈር መንገዶች ናቸው። ብርቱ ዝናም በወረደ ጊዜ አምስት ደቂቃ የሚወስደው መንገድ ሰዓት ይፈጃል፤ በሞተር ብስክሌት የሚሄደውም መንገደኛ ጭቃው ላይ ይንሸራተታል። ከከተማው ውጭ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ከጁባ ተነሥቶ በዩጋንዳ ወሰን ላይ እስካለችው እስከ ኒሙሌ የሚደርሰው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 አስፋልት ለብሷል። ከዚህና ከጥቂት ሌሎች መንገዶች በቀር ግን የአገሪቱ መንገዶች አብዛኞቹ የአፈር ስለሆኑ በዝናሙ ወራት ሰፊው የአገሪቱ ክፍል በተሽከርካሪ አይደረስበትም። በዚህም ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለችግረኞች የሚሆነውን እህል በበጋው ወራት አስቀድሞ በየስፍራው ያከማቻል፤ ያልደረሰበትንም በክረምት ከአውሮፕላን ይጥላል። ብዙ የጭነት መኪናና አውሮፕላን ያለው ድርጅት እንኳ ለክረምቱ በበጋ የሚዘጋጅ ከሆነ፣ አንዲት ሻንጣ ብቻ የያዘ ብቸኛ ሰው ሳይዘጋጅ መሄዱ በምን ሚዛን ተገቢ ሊሆን ይችላል? «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ከመንገዱ ይልቅ በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባው ጤና ነው። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባን በስም እንጂ በአካል አያውቃትም። ሰውነቱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወባ ባለበት ቆላ እንደኖረ ሰው በሽታውን የመቋቋም ልምድ የለውም። በጁባ ወባ ዓመቱን ሙሉ ያለች ብትሆንም፣ በዝናሙ ወራት ውኃ በየጕድጓዱ ሲያቍር ትንኟ ትራባለች፤ በሽታውም ይበረታል። ስለዚህ መንገደኛው ከመነሣቱ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር፣ የታዘዘለትንም መከላከያ መድኃኒት በታዘዘለት ቀን መጀመርና ሳያቋርጥ መጨረስ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር መያዝ ይኖርበታል። የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድና ማስረጃውንም ከፓስፖርቱ ጋር ማኖር ያስፈልገዋል። ክትባቱ እንዲሠራ ዐሥር ቀን ያህል ስለሚፈልግ በመነሻው ዋዜማ የተወጋ ሰው በጊዜው ተዘጋጀ አይባልም። ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢሰማው «ብርድ ነው» ብሎ ሳይተኛ ከቆላ መምጣቱን ለሐኪሙ መንገር አለበት። ወባ በጊዜ ከታወቀች የምትድን፣ ከዘገየች ግን የምትገድል በሽታ ናትና።

እዚህ ላይ የብቸኝነት ጕዳይ ይመጣል። ሁለት ሆነው የተጓዙ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ውኃ ያቀብለዋል፤ ሐኪም ይጠራለታል። ብቻውን የሄደ ሰው ግን ትኩሳቱ አእምሮውን ሲያስተው ለራሱ ሊያስብ አይችልም። ለምሳሌ ያህል በጁባ በአንድ ምግብ ቤት ሥራ አለ የሚል ወሬ ሰምቶ በሐምሌ ብቻውን የተነሣን ጎልማሳ መመልከት ይቻላል። ለቤተ ሰቡ «ስደርስ እደውላለሁ» ከማለት በቀር የሚያርፍበትን ስፍራ አልነገረም። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፤ የተከራየባት ክፍል በር ተዘጋ። ዝናም ስለ ነበረ ጎረቤቱ ከቤቱ አልወጣም። እናቱ በአዲስ አበባ ስልክ ትጠብቃለች፤ እርሱም በጁባ ሰው ይጠብቃል። ይህ ሰው የተጎዳው በዝናሙ ነው ማለት አይቻልም። የተጎዳው በሁለቱ ከተሞች መካከል ስሙንና አድራሻውን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ባለማበጀቱ ነው።

ኢትዮጵያዊ ግን በጁባ ፈጽሞ ብቻውን ይሆናል ለማለት አይቻልም። በከተማው ሆቴልና ምግብ ቤት፣ ሱቅና ልዩ ልዩ የንግድ ሥራ ከፍተው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ፤ የኢትዮጵያ ኤምባሲም በዚያው ይገኛል። በአማርኛ አገርን የሚጋራ ሰው «የወንዝ ልጅ» ይባላል። በአገር ቤት ሰፈርና ሰፈርን የሚለየው ወንዝ፣ በሰው አገር ግን ሰውንና ሰውን የሚያገናኝ ስም ይሆናል። ይሁን እንጂ የወንዝ ልጅነት አስቀድሞ ሲዘጋጅ እንጂ በጨለማ በር ሲያንኳኩ ብቻ የሚታወስ መሆን የለበትም። መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት በጁባ የሚኖር አንድ የታመነ ሰው ማወቅ፣ መምጫውን ቀን መንገር፣ የሚያርፍበትንም ስፍራ ለቤተ ሰቡ ጽፎ መተው ይገባዋል። በየስንት ቀኑ እንደሚደውል፣ ካልደወለም ቤተ ሰቡ ለማን መደወል እንዳለበት አስቀድሞ መወሰን አለበት። ይህን ያደረገ ሰው ወንበሩ ላይ ብቻውን ይቀመጥ እንጂ በእርግጥ ብቸኛ አይደለም።

የጸጥታ ጕዳይም ከዚህ አይለይም። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በዝናሙ ወራት እኩሌታ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በጁባ ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ዳግመኛ በከተማው ውጊያ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰላም ስምምነት የተፈረመ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህም ስጋቱ ፈጽሞ አልተወገደም። ስለዚህ ተጓዡ እስከ መነሻው ቀን ድረስ ወሬ መከታተል፣ በኤምባሲው መመዝገብና የመግቢያ ፈቃዱን ጕዳይ ከደቡብ ሱዳን ኤምባሲ ራሱ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። የጎረቤት ወሬና የደላላ ቃል ለዚህ አይበቁም።

ትንሽ የሚመስሉ ነገሮችም ብዙ ጕዳት ያመጣሉ። ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ ሱዳን ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በጁባ ገና ስምንት ሰዓት ነው። የቲኬቱ ሰዓት ደግሞ በውጭው አቈጣጠር ይጻፋል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቤተ ሰቡን ወይም ተቀባዩን በከንቱ ያስጨንቃል። የገንዘብም ነገር እንዲሁ ነው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው እጅግ ስለ ወረደ የአንድ ዓመት ወሬ ለሚቀጥለው ዓመት አያገለግልም። ልብስም ቢሆን በአዲስ አበባ ክረምት የሚለበሰው ወፍራም ካፖርት በጁባ ሸክም ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚደርቅ እጀ ረጅም ቀሚስ ወይም ሸሚዝ፣ የዝናም ልብስና ጭቃ የሚችል ጫማ ነው።

አንዳንዶች ግን ይህን ሁሉ ሲሰሙ «ይህ የባለጠጋ ምክር ነው፤ ድኻ ሰው ሥራ ሲጠራው በክረምትም ቢሆን ይሄዳል» ይሉ ይሆናል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሥራ የመስቀልን ወፍ አይጠብቅም፤ የቤት ኪራይም ዝናሙ እስኪያባራ ዝም አይልም። ይሁን እንጂ ከተዘረዘሩት ነገሮች መካከል አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። አድራሻ ጽፎ መተው፣ የታመነ ሰው መጠየቅ፣ ስለ ወንዙና ስለ መንገዱ መረጃ መፈለግ፣ የስልክ ቀን መቍረጥ የሚጠይቁት አሳብን ብቻ ነው። እንዲያውም ዝግጅት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለድኻው ነው። ባለጠጋው ቢሳሳት ሌላ ቲኬት ይገዛል። ድኻው ግን የተሳሳተው በቤተ ሰቡ ጥሪት ነው፤ ብዙ ጊዜም በተሸጠ በሬ ወይም በተበደረ ገንዘብ ነው።

በዚህ ረገድ በተለይ ሊወገዝ የሚገባው በርካሽ ዋጋ በምድር አሻግራለሁ የሚል የደላላ ማባበያ ነው። በጋምቤላ በኩል ወሰን አልፎ ወደ ደቡብ ሱዳን ውስጥ የሚዘልቀው ምድር በዝናሙ ወራት ረግረግ ይሆናል። መኪና ይሰምጣል፤ ሐኪም አይገኝም፤ ጸጥታውም አያስተማምንም። ደላላው የሚቀበለው ገንዘቡን ነው፤ ጭቃውን የሚረግጠው ግን መንገደኛው ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ለክረምት ጉዞ ሚዛኑ ምን ይሁን? ሚዛኑ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፦ ነገሩ ባይሳካ የመመለሻ ገንዘብ በእጁ አለን? ሁለተኛው፦ በሚደርስበት ከተማ ቢታመም በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለው? ለሁለቱም «አዎን» ብሎ ለመመለስ የሚችል ሰው፣ መድኃኒቱንና ወረቀቱን ካሟላ፣ ዝናሙን ፈርቶ ከሥራው የሚቀርበት ምክንያት የለም። ከሁለቱ አንዱን እንኳ «የለም» ብሎ የሚመልስ ግን ወጣትም ቢሆን፣ ጐበዝም ቢሆን፣ የጁባ ዝናም እስኪያባራ እስከ ኅዳር ቢቆይ ይሻለዋል። ያም ጊዜ በከንቱ የሚባክን አይደለም፤ የመመለሻውን ገንዘብ የሚያጠራቅምበትና የሚያውቀውን ሰው የሚያበጅበት ነው። በእነዚህ ወራት የሚቀርበት ሥራ ሊኖር ይችላል። ሆኖም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በጭቃ ላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ተመልሶ አይለቀምም።

የጥንት ሰዎች ክረምትን የሚያሳልፉት ተቀምጠው ብቻ አልነበረም። ገበሬው የሚያርሰውና የሚዘራው፣ የሚያርመውም በዚሁ ወቅት ነው። የሚያቋርጡት ነገር ቢኖር ያልታሰበበትን መንገድ ነበር። ዛሬ አውሮፕላን መንገዱን ከፍቷል፤ ማሰቡን ግን ለሰው ትቶለታል። ከወራት በኋላ ከጁባ የሚመለሰውን ሰው ቤተ ሰቡ በደጅ ተቀብሎ «እንዴት ከረምህ?» ብሎ ሲጠይቀው «በደኅና» ብሎ ይመልስ ዘንድ፣ መልሱ የሚዘጋጀው ከመነሣቱ በፊት ነው።